ጅማ ላይ ብልቃጥና ክዳን አሰባስቦ ማርማላታ ማሸግ

ማንጎ በረከሰ ሰሞን ጅማ ውስጥ ብዙ ፍሬ ሳይበላ ይበላሻል። ማርማላታ አብስሎ ለወራት ማቆየት ለሚፈልግ ሰው የሚቸግረው ፍሬው ወይም ስኳሩ አይደለም፤ የሚታመን ብልቃጥ፣ ከዚያም በላይ የሚታመን ክዳን ማግኘቱ ነው። ብልቃጥ ካልተሰበረ ለዓመታት ያገለግላል፤ ክዳን ግን ቶሎ ያረጃል። ስለዚህ ፍለጋውን ከክዳኑ ይጀምሩ።

ጆን ሜሰን እ.ኤ.አ. በ1858 የፈጠራ መብት ያወጣበት፣ ለቤት ማሸጊያ ተብሎ የሚሠራው ባለ ጥርስ አፍ ብልቃጥ እዚህ ሱቅ ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም። በእጅ ያለው የማር፣ የማርማላታና የወይራ ፍሬ ብልቃጥ ነው። ካፌና ሆቴል ባዶውን ስለሚጥል ኩሽና ያሉትን አስቀድሞ መጠየቅ ያዋጣል፤ ቆራሌዎችንም፣ መርካቶ ያሉትን ዕቃ ሻጮችም ይጠይቁ። ክዳን የሌለውን ብልቃጥ ርካሽ ነው ብለው አይግዙ፤ ልክ የሚሆን ክዳን ለብቻው ማግኘት ከባድ ነው። በባጃጅ ሲያጓጉዙ በየመካከሉ ጋዜጣ ወይም ደረቅ ኮባ ያስገቡ።

የሚፈለገው ሩብ ዙር ተጠምዝዞ የሚዘጋ፣ በውስጡ ጎማ መሳይ ለስላሳ ቀለበት ያለው የቆርቆሮ ክዳን ነው። የተለመዱት ስፋቶች 63፣ 70 እና 82 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ በዓይን ይመሳሰላሉና በማስመሪያ ይለኩ። የዛገ፣ የተጎዳጎደ፣ ቀለበቱ የተቆረሰ ክዳን ይጣል። በርበሬ ወይም ቅቤ የሸተተም እንደዚያው፤ ቀለበቱ ሽታ ይዞ ይቀራል፣ ቢታጠብም አይለቅም። የኔስካፌ ብልቃጥ የፕላስቲክ ክዳን አየር አያግድም፤ ለሽሮ ይሁን። የማዮኔዝ ብልቃጥ ብዙ ጊዜ ስስ ስለሆነ ሲፈላ ይሰነጠቃል።

የብልቃጡን ከንፈር በጥፍር ዙሪያውን ይዳስሱ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ አይታሸግም። ከዚያ ግማሽ ድረስ ሙቅ ውሃ ሞልተው ይክደኑና በደረቅ ወረቀት ላይ ለግማሽ ሰዓት ይገልብጡት። ወረቀቱ ከረጠበ ክዳኑን ይቀይሩ።

አሁን ስለ ጅማ አንድ ነገር። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዝቅተኛ ቦታ 10 ደቂቃ የሚበቃው የብልቃጥ ቅቀላ በየ300 ሜትሩ 1 ደቂቃ ይጨመርበታል፤ እዚህ 16 ደቂቃ ይሆናል። ከውጭ መመሪያ ላይ ደቂቃ ገልብጦ መጠቀም ያልሞተ ሻጋታ የሚያስቀረው ለዚህ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. በትልቅ ብረት ድስት ታች የታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ ያንጥፉ። ብልቃጥ ከብረቱ ጋር ሲነካካ ይፈነዳል። ብልቃጦቹን በቀዝቃዛ ውሃ አስገብተው ያፍሉና 16 ደቂቃ ይቀቅሉ። ክዳኖቹን አያፍሉ፤ በሙቅ ውሃ ይዘፍዝፏቸው።

2. ለ1 ኪሎ የማንጎ ሥጋ 750 ግራም ስኳርና 4 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ያብስሉ። ሎሚው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ በጣም የበሰለ ማንጎ አሲዱ ስለሚያንስ አይቀነስ። በቀዘቀዘ ሰሐን ላይ ጠብ ሲያደርጉት በጣት ሲገፋ ከተጨማደደ ደርሷል።

3. ትኩስ ማርማላታ በትኩስ ብልቃጥ ይሙሉ፤ ከላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ይተዉ። ከንፈሩን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ። ክዳኑን ያለ ብዙ ኃይል ይጠምዝዙ፤ በጣም ከጠበቀ አየር መውጫ ያጣል።

4. ትኩስ ውሃ ውስጥ ያስገቡ፤ ውሃው ከክዳኑ በላይ 3 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ሲንተከተክ 15 ደቂቃ ይቁጠሩ። ከሰሉ ደክሞ ወይም መብራት ጠፍቶ መፍላቱ ካቆመ፣ እንደገና ሲፈላ ከዜሮ ይቆጠራል።

5. አውጥተው ነፋስ በሌለበት፣ ጨርቅ ላይ፣ ሳይነካኩ 12 ሰዓት ያቆዩ። የክዳኑ መሐል ወደ ውስጥ ሰርጎ ሲጫኑት ካልተንኳኳ ታሽጓል። ከተንኳኳ ፍሪጅ ገብቶ በሁለት ሳምንት ይበላ።

ያገለገለ ክዳን እንደ አዲስ አይታመንም፤ ለዚህም ነው እንደ ማርማላታ ስኳርና አሲድ ለበዛበት ብቻ የሚያገለግለው። ሥጋ፣ ወጥ፣ ጎመን፣ ባቄላና አቮካዶ በዚህ መንገድ ፈጽሞ አይታሸጉ። ቦቱሊዝም የተባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያስከትለው ተህዋስ በፈላ ውሃ አይሞትም፤ ወደ 116 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ የሚደርስ የእንፋሎት ግፊት ይፈልጋል። አየር በሌለበት ብልቃጥ ውስጥ መርዙ ያድጋል፣ ሽታና መልክ ላይቀይርም ይችላል። ሰው ይገድላል።

ክረምት ላይ የጅማ እርጥበት ክዳኑን ከውጭ ያዝጋል። ብልቃጡን ደረቅና ጨለማ መደርደሪያ ላይ፣ ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡ። ሲከፈት ክዳኑ ላይ በማርከር ነጥብ ያድርጉበት፤ ነጥብ ያለው ክዳን ዳግም ለማሸጊያ አይመለስም፣ ለሽሮና ለበርበሬ ይውላል።