የሰፈር በጎ ፈቃድ ክበብ ወርኃዊ ዜናውንና የመጪ ተግባራት ማስታወቂያውን እንዴት ያዘጋጅ?

የአንድ ሰፈር የበጎ ፈቃድ ክበብ በየወሩ የሚያወጣው ባለ አንድ ገጽ ጽሑፍ ሁለት ሥራ አለበት፤ ባለፈው ወር የተሠራው ምን እንደ ሆነ ለሕዝቡ መናገርና የሚመጣውን ሥራ ሰው ተዘጋጅቶ እንዲመጣበት አድርጎ ማስታወቅ። ብዙ ክበቦች ሁለተኛውን ብቻ ይዘው የመጀመሪያውን ይተዉታል። እኔ ግን ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ክበብ በጸሐፊነት ባገለገልሁባቸው ዓመታት ያየሁት፣ ትናንት ያዋጣው ገንዘብ የት እንደ ደረሰ ያልሰማ ሰው ነገ ሲጠራ እግሩ እንደሚከብደው ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ሲያዘጋጁ ከዜናው ይጀምሩ፤ ጥሪው ከዚያ ይቀጥላል።

ዜናው የሚጻፈው በወሩ መጨረሻ ሳይሆን ሥራው በተሠራበት ዕለት ማታ ነው። ለዚህ አንድ ደብተር ይበቃል። የመጣው ሰው ቁጥር፣ የገባው ዕቃና ገንዘብ፣ የወጣው፣ የተረፈው፣ የተረፈውም ማን ዘንድ እንደ ተቀመጠ በዚያው ምሽት ይመዝገብ። የተረፈውን መጻፍ ትንሽ ነገር ይመስላል። እኛ አንድ ጊዜ ክረምት ሳይገባ የአንዲት አረጋዊት እናት ቤት ጣራ ለማደስ 14 ቆርቆሮ ገዝተን 11ዱን ተጠቀምንበት፤ በወሩ ጽሑፋችን ላይ ግን «የእናታችን ቤት በተሳካ ሁኔታ ታድሷል» ከማለት በቀር አንድም ቁጥር አላሰፈርንም። ሦስቱ ቆርቆሮ ለሚቀጥለው ቤት ተብሎ ከአንድ የኮሚቴ አባል ግቢ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል። በዕድር ስብሰባ ላይ «ያ ቆርቆሮ የማን ነው?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ መልሱ ንጹሕ ቢሆንም ዘግይቶ የመጣ መልስ ስለ ነበር፣ ሁለት አባላት መዋጯቸውን አቁመው እስከ ሚቀጥለው ሪፖርት ድረስ ጠበቁን። አልተቀየምኋቸውም፤ ሦስት ቆርቆሮ ተርፎ የት እንዳለ በአንድ መስመር ብንጽፍ ኖሮ ጥያቄው ባልተነሣ ነበር።

«በተሳካ ሁኔታ»፣ «በደማቅ ሥነ ሥርዓት»፣ «ከፍተኛ ርብርብ ተደርጎ» የሚሉትን ሐረጎች ከረቂቁ ላይ ይሰርዙና ዓረፍተ ነገሩ ምን እንደ ቀረው ይመልከቱ። ምንም ካልቀረው ዜናው ገና አልተጻፈም ማለት ነው። በእነዚህ ቃላት ቦታ ቁጥር፣ ቦታና ቀን ይግባ።

የችግኝ ዜና የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሐምሌ የተተከለውን ቁጥር ማውራት ቀላል ነው፤ አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህም እያንዳንዱ ክበብ ይህን ቁጥር መያዝ ለምዷል። ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች የሚወርደው ውርጭ ክረምቱን በደኅና ያለፈውን ችግኝ በአንድ ሌሊት ይመታዋል። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ቅጠሉ የፈላ ውሃ የፈሰሰበት ይመስል ጠቁሮና ተኮማትሮ ይታያል፤ ከግንዱ በታች ያለው ነፍስ ግን አንዳንዴ ይተርፍና በበልግ ዝናብ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ የአንድ ተከላ ዜና ሦስት ጊዜ ይዘገብ፤ በተተከለበት ወር፣ በመስከረም መጨረሻና ውርጩ ካለፈ በኋላ በየካቲት። ከ500 ችግኝ 190 ጸደቀ ብሎ መጻፍ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው በየዓመቱ እዚያው ጉድጓድ ላይ እየተከሉ አዲስ ቁጥር ማወጅ ነው። ወይራና ጽድ ቁርን እንደሚችሉ፣ ከቆላ የመጣ ችግኝ ግን እንደማይቋቋም ሕዝቡ የሚማረው ከዚህ ዓይነቱ እውነተኛ ዘገባ ነው።

ስለ ፎቶግራፍ አጥብቄ የምለው አለኝ። ብርድ ልብስ ወይም ደብተር የሚቀበልን ሰው ፊት አያሳዩ። ከተማችን ትንሽ ናት፤ ፎቶውን የሚያየው የልጁ የክፍል ጓደኛ ነው፣ የእናቲቱ ጎረቤት ነው። የታደሰውን ጣራ፣ የተደረደረውን ደብተር፣ ጭቃ የሚያቦኩትን እጆች ማሳየት ለዜናው ይበቃል። ፈቃድ መጠየቅ ካስፈለገ ደግሞ ርዳታው ከተሰጠ በኋላ፣ ኮሚቴው በሌለበት፣ ሰውየው «አይሆንም» ለማለት በማይፈራበት ሁኔታ ይጠየቅ። ብርድ ልብስ በያዘ ሰው ፊት የተጠየቀ ፈቃድ ፈቃድ አይደለም።

ወደ መጪዎቹ ተግባራት ስንመጣ፣ ማስታወቂያውን ከመጻፍ በፊት የዓመቱን ሐሳብ ከአየሩና ከሕዝቡ ኑሮ ጋር ማስማማት ያስፈልጋል። የዓመቱ ዕቅድ በጳጉሜን ቢያልቅ ይመረጣል። የደብተርና የእስክሪብቶ ማሰባሰብ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት መጠናቀቅ አለበት። ኅዳር 12 ቀን በ1911 ዓ.ም. ከደረሰው የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ ቆሻሻ የሚቃጠልበት ቀን ሆኖ ስለ ኖረ፣ ለጽዳት ዘመቻ ሰው ለማውጣት ከዚህ የተሻለ ቀን የለም፤ ሆኖም ዛሬ ከቆሻሻው ውስጥ ብዙው ፕላስቲክ በመሆኑ ማስታወቂያው «እናቃጥል» ሳይሆን «ለይተን እንሰብስብ» ቢል ይሻላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ገበሬው አጨዳና ውቂያ ላይ ስለሆነ ከገጠር ቀበሌዎች ጉልበት አይጠበቅም። በአንጻሩ ብርድ ልብስ የሚያስፈልገው በዚሁ ወቅት ነው፤ የካቲት ላይ የተሰጠ ብርድ ልብስ ቁሩ ካለፈ በኋላ የደረሰ ነው። በመንዝ፣ በአንኮበርና በጣርማ በር ደጋዎች ደግሞ በልግ አብቃይ ገበሬዎች ስላሉ በየካቲትና በመጋቢትም ሥራ እንደሚበዛባቸው ማሰብ ያስፈልጋል። የቤት ጥገና በግንቦት፣ ቢዘገይ በሰኔ መጀመሪያ ያልቅ። በሐምሌ ጣራ ማፍረስ ያለቺውን ጥቂት ዕቃ ለዝናብ መስጠት ነው። የችግኝ ጉድጓድም በግንቦት ይቆፈር።

ቀኑን ሲመርጡ በዓላቱን ይመልከቱ። በገጠር በ12፣ በ21 እና በ29 አፈር የማይነካ ሰው ብዙ ነው፤ በብዙ ቦታ ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበራል። ለከተማ ወጣቶች የተመቸው ቅዳሜ ለመንዝ ወይም ለሞረትና ጅሩ ገበሬ ላይመች ይችላል። የመንዝ ሕዝብ የጓሳን ሣር ለብዙ ትውልድ ጠብቆ ያቆየው የሚከለከልበትና የሚታጨድበት ጊዜ ለሁሉም የታወቀ ስለ ነበር ጭምር ነው፤ ክበባችንም ቀን ሲቆርጥ ሰዎቹን ጠይቆ ቢቆርጥ ኋላ የሚያስቀረው የለም።

ከሁሉም ተግባራት ይልቅ ማስታወቂያው በጥንቃቄ ካልተጻፈ የሚበላሸው የደም ልገሳ ነው። በእኛ አገር ደም የሚለግስ ሰው ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ዓመት፣ ክብደቱ ቢያንስ 45 ኪሎ ግራም መሆን አለበት፤ ከለገሰም በኋላ ድጋሚ ለመለገስ 3 ወር ይጠብቃል። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች በማስታወቂያው ላይ ከሌሉ ከሩቅ ሰፈር በእግሩ መጥቶ የሚመለስ ሰው አይጠፋም። በተለመደው ከረጢት የተቀዳ ደም የሚቆየው 35 ቀን ገደማ ስለሆነም በዓመት አንድ ጊዜ ሦስት መቶ ሰው ከመሰብሰብ በየሦስት ወሩ ሰባ ሰማንያ ሰው ማምጣት ለሆስፒታሉ የበለጠ ይጠቅማል፤ ወላድ እናት ደም የምትፈልግበት ቀን ከዘመቻው ቀን ጋር ቀጠሮ የለውም። እኛ የሠራነው ስሕተት የጊዜ ነበር። በሁዳዴ፣ በአንድ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጠራን። ሰው መጣ፤ አብዛኛው ግን እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ስለ ነበር እህል አልቀመሰም። ነርሷ ባዶ ሆድ ያለውን ሰው ደም አልቀዳም ስትል ልክ ነበረች፤ ከዋዜማው ጀምሮ የተዘጋጁ ሰዎች ግን ዳግመኛ እንዲመጡ ማድረግ ከባድ ሆነብን። ከዚያ ወዲህ ዘመቻውን ከጾም ወራት ውጭ እናደርጋለን፤ የማይቻል ከሆነም ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል በኋላ ሰው ከበላ በኋላ እንጠራለን። እንደ ሸዋ ሮቢት ባሉ ሙስሊም ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩባቸው ከተሞች የሚሠራ ክበብም ረመዳንን በዚሁ ዓይን ይመልከት። ማስታወቂያው «በልታችሁ፣ በቂ ውሃ ጠጥታችሁ፣ መታወቂያ ይዛችሁ ኑ» ማለቱን አይርሳ።

ሌላው ሁሉ በአጭሩ ይጻፍ። ማስታወቂያ ቆሞ የሚነበብ ነገር ነው፤ ሰውየው ከወፍጮ ቤት እህል ተሸክሞ ሲወጣ የሚያነብበው ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ማጠር አለበት። ቢሆንም ከቀን፣ ከሰዓት፣ ከቦታና ከሚያዘው ዕቃ አንዱም አይጎድልም። ሰዓቱ ሲጻፍ «ከጠዋቱ» ወይም «ከሰዓት በኋላ» የሚል ይጨመርበት፤ በዩኒቨርሲቲው ካሉት መምህራንና ከእንግዶች መካከል ስልካቸው በፈረንጅ ሰዓት የሚቆጥር አሉና ሁለቱም ይጻፍ። ቦታው ደግሞ ሰው በሚጠራው ስሙ ይነገር። ለምሳሌ የሚከተለው ይበቃል፦

«ቅዳሜ ግንቦት 8 ቀን 2018 ዓ.ም. (ሜይ 16) ከጠዋቱ 1፡30 እስከ 5፡00 (በፈረንጅ 7፡30 እስከ 11፡00) ከበሬሳ ድልድይ በታች ለክረምቱ ችግኝ 200 ጉድጓድ እንቆፍራለን። የአንዱ ስፋትና ጥልቀት 40 ሴንቲ ሜትር ነው። ዶማ ወይም አካፋ ያለው ይዞ ይምጣ፤ የሌለው ሁለት እጁን ይዞ ይምጣ። ቆሎና የሚጠጣ ውሃ ክበቡ ያቀርባል። ማለዳው ይበርዳልና ጋቢ ወይም ጃኬት ይልበሱ። ዝናብ ከጣለ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዚያው ቦታ እንገናኛለን። ባለፈው ዓመት በዚህ ቦታ ከተከልነው 300 ችግኝ የጸደቀው 140 ነው።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ ይበሉ፤ ጥሪው ውስጥ የገባች ዜና ናት፣ ሰውም ለምን ድጋሚ እንደሚጠራ ትነግረዋለች። ክበቡ ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ከሆነ ደግሞ የአለባበሱ መስመር ይገለበጣል። ጣርማ በርን በጉም ውስጥ አልፎ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ የሚወርድ ሰው ጋቢውን በመኪና ትቶ ባርኔጣና ውሃ ይዞ መውረድ አለበት፤ ይህን አስቀድሞ ካልሰማ ግማሹ ቀን በራስ ምታት ያልፍበታል።

ፈጽሞ አስቀድሞ መታወጅ የሌለበት ተግባርም አለ። የተወሰነ ነገር የሚታደልበትን ቀንና ቦታ በአደባባይ መለጠፍ ችግር ያመጣል። 60 ብርድ ልብስ ይዞ 200 ሰው የተሰለፈበት በር ላይ መቆም ለሰጪውም ለተቀባዩም የሚያሳዝን ነው፤ በከተማዋ ዙሪያ በመጠለያ የሚኖሩ ተፈናቃይ ወገኖች ባሉበት ጊዜ ደግሞ ከሩቅ በተስፋ የሚመጣው ብዙ ነው። ለዚህ ሥራ ዝርዝሩ ከቀበሌውና ከዕድሮቹ ጋር ይያዝና እያንዳንዱ ሰው በየቤቱ ይነገረው፤ ለሕዝብ የሚወጣው ከእደላው በኋላ ቁጥሩ ነው። መዋጮውን መጠየቅ ግን በግልጽ ይሁን፤ ባና ወይም ዝተት የሚባለውን የአገር ብርድ ልብስ ከቤቱ ማውጣት የሚፈልግ ሰው የት እንደሚያስረክብና ደረሰኝ ከማን እንደሚቀበል ይወቅ።

ጽሑፉን ለማዳረስ ወረቀቱ ከ10 ቀን በፊት በወፍጮ ቤቱ፣ በጤና ጣቢያውና በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ በቴሌግራምም ይላክ። ቴሌግራም የማይደርሳቸው ትልልቅ ሰዎች ስላሉ የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ በዋዜማው ምሽት እንዲለፍፍ መጠየቅ ከሁሉ የበለጠ ሰው ያመጣል። ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት፣ ከጁምዓ በኋላ በመስጊድ እንዲነገር ለሚመለከታቸው አባቶች አስቀድሞ በአክብሮት ይነገራቸው፤ የሚሰጧቸው ወረቀትም ከአራት መስመር አይብለጥ። ቀኑ ከተለወጠ ለውጡ በእነዚሁ መንገዶች ሁሉ ይነገር፤ አሮጌውም ወረቀት ይነሣ። ያልተነሣ ወረቀት ምን ያህል ሰው እንደሚያጉላላ እኔ ራሴ ማለዳ በቁር ቆመው በጠበቁን አራት ሽማግሌዎች ፊት ተምሬዋለሁ። አባቶቼን ይቅርታ ጠይቄ ቁርስ ብጋብዛቸውም ጧታቸውን ልመልስላቸው አልቻልሁም።

ከመለጠፉ በፊት ረቂቁን በክበቡ ውስጥ ለሌለ ሰው ጮክ ብለው ያንብቡለትና «መቼ? የት? ምን ይዘህ ትመጣለህ?» ብለው ይጠይቁት። ሳይጠራጠር ከመለሰ ይለጠፍ። አንድ ቅጂ ከቃለ ጉባኤው ጋር ይያያዝ፤ በጀርባውም ሥራው ባለቀበት ማታ የሆነው ይጻፍበት። በእኛ መዝገብ ውስጥ አንዱ ማስታወቂያ በጀርባው «38 ሰው መጣ፤ አካፋ 9 ብቻ፤ ብዙው ቆሞ ዋለ» የሚል ተጽፎበታል። ከዚያ በኋላ ያወጣናቸው ማስታወቂያዎች ሁሉ ዶማና አካፋን በስም ይጠራሉ።