የቤት ጥገና ባለሙያዎችን ትርፍ የሚበሉ የካርድ ክፍያ ስህተቶች

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች በቧንቧ፣ በኤሌክትሪክ፣ በቀለም ቅብ፣ በማሞቂያና ማቀዝቀዣ ጥገና ወይም በቤት ጽዳት የተሰማሩ ብዙ ወገኖቻችን አሉ። ዕቃ ሲገዙ ለጥቂት ዶላር ልዩነት ሦስት ሱቅ የሚያማርጡ፣ እያንዳንዷን የቁሳቁስ ደረሰኝ የሚያስቀምጡ ሰዎች ናቸው። የደንበኛውን ካርድ ተቀብሎ ገንዘቡን ወደ ባንካቸው የሚያስገባው ኩባንያ በወር ስንት እንደሚቆርጥባቸው ሲጠየቁ ግን አብዛኞቹ "ሦስት በመቶ ገደማ መሰለኝ" ከማለት አያልፉም። ይህ ግምት በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊያሳጣ ይችላል። ከብዙ ባለሙያዎች ጋር ሒሳባቸውን እያየሁ የተረዳሁት፣ ገንዘቡ በዋናነት የሚባክነው ካርዱ በሚወሰድበት መንገድና ሳይነበብ በተፈረመ ውል መሆኑን ነው። ሁለቱም በባለሙያው እጅ ያሉ ነገሮች ናቸው።

ወርኃዊውን መግለጫ ሳይከፍቱ መተው

ከእያንዳንዱ የካርድ ክፍያ የሚቆረጠው ገንዘብ ለሦስት ይከፈላል። ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ለደንበኛው ካርዱን የሰጠው ባንክ ነው፤ ይህ ኢንተርቼንጅ ይባላል። ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ለራሱ የሚያስቀረው ከመቶ ዶላር ላይ አሥራ አምስት ሳንቲም ገደማ ነው። ቀሪው ክፍያውን የሚያስተላልፈው ኩባንያ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ፣ በላዩ ላይ የሚጨምረው ትርፍ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አንድ የቧንቧ ባለሙያ ተደራድሮ ሊያስቀንሳቸው አይችልም። ሦስተኛውን ግን ይችላል፤ ለዚህም መጀመሪያ መጠኑን ማወቅ አለበት።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ፕሮሰሰሩ በየወሩ ከሚልክልዎ መግለጫ ላይ የወሩን ጠቅላላ ተቀናሽ ይውሰዱና በዚያው ወር በካርድ ለገባው ጠቅላላ ገንዘብ ያካፍሉት። 18,000 ዶላር ገብቶ 612 ዶላር ተቆርጦ ከሆነ ትክክለኛው ወጪዎ 3.4 በመቶ ነው። የፕሮሰሰሩ ሻጭ ሲያስፈርምዎ "1.79 በመቶ ብቻ" ብሎ ከነበረ ልዩነቱ የት እንደገባ መፈለግ ይኖርብዎታል። ብዙውን ጊዜ መልሱ የሚገኘው "ኳሊፋይድ"፣ "ሚድ ኳሊፋይድ" እና "ነን ኳሊፋይድ" ከሚሉት ምድቦች ሥር ነው። ሻጩ የነገረዎት ዝቅተኛው ተመን የሚሠራው ለመጀመሪያው ምድብ ብቻ ነው። ነጥብ የሚያስገኙ ካርዶች፣ የድርጅት ካርዶችና በእጅ የተጻፉ ቁጥሮች ወደ ውዶቹ ምድቦች ይሄዳሉ፤ የትኛው ክፍያ የት እንደሚመደብ የሚወስነውም ፕሮሰሰሩ ራሱ ነው። የዛሬ የቤት ባለቤት ደግሞ ኪሱ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ባለ ነጥብ ካርድ ነው። በመግለጫዎ ላይ እነዚህን ቃላት ካዩ ከዚያ የዋጋ አሠራር ለመውጣት ዛሬውኑ መነሣት ያዋጣል ብዬ አምናለሁ።

የካርድ ቁጥር በስልክ እየተቀበሉ መጻፍ

በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚያስወጣው ልማድ ይህ ይመስለኛል። ባለሙያው የውኃ ማሞቂያውን ቀይሮ ይጨርሳል፤ የቤቱ ባለቤት ቢሮ ናት። ይደውልላታል፣ አሥራ ስድስቱን ቁጥር ታነብለታለች፣ እሱም በወረቀት ይዞ ቫኑ ውስጥ ገብቶ ስልኩ ላይ ይጽፈዋል። ሁለቱም ቀላል መንገድ ያገኙ ይመስላቸዋል።

ካርዱ በአካል ያልቀረበበት ክፍያ ለማጭበርበር የተጋለጠ በመሆኑ ባንኮቹ ከፍ ያለ ኢንተርቼንጅ ይጠይቁበታል። ለሁሉም ዓይነት ካርድ አንድ ወጥ ዋጋ የሚያስከፍሉት ኩባንያዎችም ይህንኑ ልዩነት ወደ ባለሙያው ያሸጋግራሉ። ለምሳሌ ካርዱ ሲነካ 2.6 በመቶና 15 ሳንቲም፣ ቁጥሩ በእጅ ሲጻፍ ግን 3.5 በመቶና 15 ሳንቲም የሚያስከፍል ኩባንያ አለዎት እንበል። በ850 ዶላር ሥራ ላይ የመጀመሪያው 22 ዶላር ከ25 ሳንቲም፣ ሁለተኛው 29 ዶላር ከ90 ሳንቲም ይወስዳል። ልዩነቱ 7 ዶላር ከ65 ሳንቲም ነው። በወር ሃያ አምስት እንዲህ ያለ ሥራ ለሚሠራ ሰው ይህ በዓመት 2,295 ዶላር ይሆናል፤ የአንድ ጥሩ መሣሪያ ዋጋ ማለት ነው።

ገንዘቡ ብቻም አይደለም። ባለቺፕ ካርድ በአካል ገብቶ ወይም ተነክቶ ሲከፈልና በኋላ ካርዱ ሐሰተኛ ሆኖ ሲገኝ፣ ኪሳራውን በአብዛኛው የሚሸከመው ካርዱን የሰጠው ባንክ ነው። ይህ ደንብ በአሜሪካ በኦክቶበር 2015 ሥራ ላይ ውሏል። ቁጥሩን በስልክ ተቀብለው ከጻፉት ግን ኪሳራው የእርስዎ ነው። ከካርዱ ጀርባ ያለውን ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ክፍያው ከጸደቀ በኋላ በማስታወሻ ደብተርም ሆነ በስልክ ማስቀመጥ ደግሞ በካርድ ኩባንያዎቹ የደኅንነት ደንብ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ደንበኛ የካርዱን ፎቶ በመልእክት ልኮልዎ ከሆነ መልእክቱን አጥፉት፤ ሁለተኛ እንዳይልክም በትሕትና ይንገሩት።

መፍትሔው ያለው ከሥራው በፊት ነው። ቀጠሮ ሲያዝ "ሥራው ሲያልቅ ቤት ይሆናሉ ወይስ የክፍያ ሊንክ ልላክልዎ?" ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ብዙ ባለሙያ ገና ሥራ ሳይጀምር ስለ ገንዘብ ማንሣት ይሉኝታ ይይዘዋል። አሜሪካዊ ደንበኛ ግን ይህን ጥያቄ እንደ ሥርዓት እንጂ እንደ ስስት አያየውም። ደንበኛው ቤት ካለ ማሽን እንኳን ላያስፈልግዎ ይችላል፤ ከ2022 ጀምሮ ካርድን በቀጥታ አይፎን ላይ አስነክቶ መቀበል ተችሏል፣ ብዙ የአንድሮይድ ስልኮችም ይህንኑ ያደርጋሉ። ደንበኛው ከሌለ በሊንክ ራሱ እንዲከፍል ማድረግ በብዙ ኩባንያዎች ዘንድ በእጅ ከመጻፍ ይረክሳል፤ ለምሳሌ ስትራይፕ የተባለው ፕሮሰሰር የኦንላይን ተመን 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ነው። የግድ መጻፍ ካለብዎ ደግሞ የካርዱን ባለቤት አድራሻና ዚፕ ኮድ አብረው ይሙሉ። ክፍት መተው ክፍያውን ለጥርጣሬ ያጋልጠዋል፤ በአንዳንድ ውሎችም ወደ ውዱ ምድብ ያወርደዋል።

ለዴቢት ካርድ የክሬዲት ካርድ ዋጋ መክፈል

የአሜሪካ ሕግ ከ2011 ጀምሮ ሀብታቸው ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ባንኮች በዴቢት ካርድ ክፍያ ላይ የሚወስዱትን ኢንተርቼንጅ ገድቧል። ጣሪያው 21 ሳንቲምና ከገንዘቡ 0.05 በመቶ ሲሆን፣ ማጭበርበርን ለሚከላከሉ ባንኮች አንድ ሳንቲም ይጨመርላቸዋል። ይህን ወደ ሥራችን እናምጣው። ደንበኛዎ ከትልልቆቹ ባንኮች የአንዱን ዴቢት ካርድ አውጥቶ 1,000 ዶላር ቢከፍልዎ ባንኩ የሚወስደው 72 ሳንቲም ነው። ወጥ ዋጋ የሚያስከፍለው ኩባንያ ግን ያንኑ 2.6 በመቶ፣ ማለትም 26 ዶላር ይቆርጥብዎታል። መካከል ላይ ያለው ገንዘብ አብዛኛው የፕሮሰሰሩ ትርፍ ነው።

ይህ ማለት ወጥ ዋጋ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። በወር ጥቂት ሺህ ዶላር ብቻ በካርድ ለሚቀበል ሰው ወርኃዊ ክፍያ የሌለበት ወጥ ዋጋ ቀላልና ተስማሚ ነው። ገቢው ሲያድግ ግን "ኢንተርቼንጅ ፕላስ" የሚባለውን አሠራር መጠየቅ ይገባል። በዚህ አሠራር ፕሮሰሰሩ የባንኩን ዋጋ እንዳለ ያስተላልፍና የራሱን ትርፍ ለብቻው ለይቶ ያስከፍላል። ስንት እንደሚያተርፍብዎ በዓይንዎ ስለሚያዩ ለመደራደርም ይመቻል። ሲደራደሩ ትኩረትዎ በመቶኛው ላይ ይሁን። ቡና ለሚሸጥ ሰው በየክፍያው የምትቆረጠው ሠላሳ ሳንቲም ጉዳት ናት፤ በ1,000 ዶላር የኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ግን ሠላሳ ሳንቲም ምንም አይደለችም፣ ግማሽ በመቶ ግን አምስት ዶላር ነው።

ትልቁን ሥራና ቀብዱን በካርድ መቀበል

6,000 ዶላር የሚከፈልበትን የማሞቂያ ቅያሪ በ2.9 በመቶና በ30 ሳንቲም በካርድ ከተቀበሉ የሚቆረጠው 174 ዶላር ከ30 ሳንቲም ነው። ደንበኛው ያንኑ ገንዘብ ከባንክ ሒሳቡ በኤሲኤች፣ ማለትም ከባንክ ወደ ባንክ በሚደረግ የኤሌክትሮኒክ ዝውውር፣ ቢያስተላልፍ፣ ስትራይፕን በመሰለ ኩባንያ በኩል 0.8 በመቶ ሆኖ ከ5 ዶላር አይበልጥም። ቼክ ደግሞ ከዚያም ይረክሳል። ኤሲኤች ገንዘቡ እስኪገባ የተወሰኑ የሥራ ቀናት ይወስዳል፤ ሊመለስም ይችላል። ስለዚህ ለማያውቁት ደንበኛ ገንዘቡ መግባቱን ሳያረጋግጡ ውድ ዕቃ አያዝዙ። በግምት ወረቀትዎ ላይ "ከ2,000 ዶላር በላይ የሆነ ክፍያ በቼክ ወይም በባንክ ዝውውር" ብሎ መጻፍ ማንንም አያስቀይምም። በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ የሚላክበትን ዜልን መጠቀም የሚሹም አሉ፤ በንግድ ሒሳብ ስም ይሁን፣ የባንኩም የቀን ገደብ አስቀድሞ ይታወቅ።

ቀብድ ለብቻው መታየት አለበት። ደንበኛው ቀብዱን በካርድ ከፍሎ ሥራውን ቢሰርዝ ገንዘቡን ሙሉ ይመልሱለታል፤ ትልልቆቹ ወጥ ዋጋ አስከፋዮች ግን መጀመሪያ የቆረጡትን አይመልሱልዎም። ያልሠሩበትን ሥራ ከኪስዎ ከፈሉ ማለት ነው። መጠኑም በሕግ የተወሰነባቸው ግዛቶች አሉ፤ በሜሪላንድ የቤት ማሻሻያ ሥራ ቀብድ ከውሉ ዋጋ ከሢሶ መብለጥ የለበትም።

ሕጉን ሳያውቁ "በካርድ ከሆነ 3 በመቶ ይጨመራል" ማለት

ወጪውን ወደ ደንበኛው ማዞር ይቻላል፤ ግን ደንብ አለው። ጭማሪው በክሬዲት ካርድ ላይ ብቻ የሚፈቀድ ነው፤ በዴቢትና በቅድመ ክፍያ ካርዶች ላይ የተከለከለ ነው፣ ደንበኛው ዴቢቱን እንደ ክሬዲት ቢጠቀምበትም እንኳ። ቪዛ ከ2023 ጀምሮ ጣሪያውን 3 በመቶ አድርጎታል፤ ከትክክለኛው ወጪዎ መብለጥም አይችልም። ለደንበኛው አስቀድሞ መነገርና በደረሰኙ ላይ ለብቻው መታየት አለበት፤ ፕሮሰሰሩም ከመጀመርዎ በፊት ሊያውቅ ይገባል። ኮኔቲከትና ማሳቹሴትስ ጭማሪውን ይከለክላሉ፤ ኮሎራዶ ደግሞ ወይ እስከ 2 በመቶ ወይም ትክክለኛውን የካርድ ወጪ ብቻ ይፈቅዳል።

እኔ የምመክረው ተቃራኒውን መንገድ ነው። በግምት ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ዋጋ የካርዱን ወጪ የሚሸፍን ይሁን፤ በቼክ ወይም በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍል ቅናሽ ይደረግ። ለጥሬ ገንዘብና ለቼክ ቅናሽ መስጠትን የፌዴራል ሕግ ይፈቅዳል። ደንበኛውም ቅጣት ከሚመስል ጭማሪ ይልቅ ቅናሽ ሲያይ ደስ ብሎት ቼኩን ያወጣል።

ማሽን መከራየትና ያላነበቡትን ውል መፈረም

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው፤ በተለይ ሻጩ የአገር ልጅ ሆኖ "እኔ አለሁልህ፣ ፈርም" ሲል። ጥቂት መቶ ዶላር ብቻ የሚያወጣ ማሽን በወር አርባና ሃምሳ ዶላር ለአራት ዓመት ይከራያል፤ ሲደመር 2,000 ዶላር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። የኪራዩ ውል አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ጋር ሳይሆን ከሌላ ኩባንያ ጋር ስለሆነ ፕሮሰሰሩን ቢተዉም ኪራዩ ይቀጥላል፤ ማሽኑን መመለስም አያስቆመውም። ማሽን ከፈለጉ ይግዙት።

ውሉን ሲያዩ ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ ስንት ዓመት ያስራል፣ በጊዜው ካልተሰረዘ በራሱ ይታደሳል ወይ፣ ቀድሞ ለመውጣት ስንት ያስቀጣል። እንግሊዝኛው ከከበደዎ የሒሳብ ሠራተኛዎ ወይም የሚያምኑት ሰው እስኪያነበው ድረስ አይፈርሙ። "ቅናሹ ዛሬ ያበቃል" የሚል ሻጭ ሲመጣ ያንኑ ቅናሽ በጽሑፍ እንዲልክልዎ ይጠይቁት።

ትንንሾቹን መስመሮች ችላ ማለት

በመግለጫው ላይ "ፒሲአይ ነን ኮምፕላያንስ" የሚል ወርኃዊ ክፍያ ካለ፣ በየዓመቱ የሚሞላውን የደኅንነት መጠይቅ አልሞሉም ማለት ነው። ይሙሉት፣ ቅጣቱ ይቆማል። ገንዘቡ ዛሬውኑ እንዲገባ የሚያደርገው "ፈጣን ዝውውር" ደግሞ 1.5 በመቶና ከዚያ በላይ ይጨምራል። አንድ ቀን መታገሥ ለሚችል ሰው ይህ ያለ ምክንያት የሚወጣ ገንዘብ ነው።

ደንበኛው በማያውቀው ስም ማስከፈል

ድርጅታችንን (ኤልኤልሲውን) በትውልድ መንደራችን ወይም በልጃችን ስም እናስመዘግባለን፤ ቫኑ ላይ ግን ሌላ የንግድ ስም አለ። ደንበኛዋ ከሁለት ሳምንት በኋላ የካርዷን ሒሳብ ስታይ የማታውቀውን ስም አይታ ለባንኳ "ይህን እኔ አልከፈልኩም" ትላለች። ክርክሩ ቻርጅባክ ይባላል። በስትራይፕ ለምሳሌ 15 ዶላር ያስከፍላል፤ ማስረጃ ካላቀረቡ ደግሞ ሙሉ ገንዘቡ ይሄዳል። ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 120 ቀን ድረስ ሊከራከር ስለሚችል ማስረጃው ቶሎ አይጣል።

ፕሮሰሰሩ በደንበኛው ካርድ ላይ የሚያሳየውን ስም ቫኑ ላይ ካለው ጋር እንዲያመሳስል ይጠይቁ፤ ስልክ ቁጥርም ይጨመርበት። ከዚያ የተፈረመውን ግምት፣ ከሥራው በፊትና በኋላ የተነሡትን ፎቶዎችና የደንበኛውን መልእክቶች በአንድ ቦታ ያስቀምጡ። በሥራው መሀል ተጨማሪ ሥራ ከታዘዘ፣ ለምሳሌ ግድግዳው ሲከፈት የበሰበሰ ቧንቧ ከተገኘ፣ ጭማሪውን ደንበኛው በመልእክት እንዲያጸድቅ ያድርጉ። የሚሸነፈው ክርክር በብዛት በቃል የተስማሙበት ነው።

የተቆረጠውን ከግብር አለመቀነስ

ዓመቱ ካለቀ በኋላ ከፕሮሰሰሩ የሚመጣው ቅጽ 1099-ኬ የሚያሳየው ተቀናሹ ሳይነሣለት ያለውን ጠቅላላ ገቢ ነው። ባንክዎ የገባው 174,000 ዶላር ሆኖ ቅጹ 180,000 ሊል ይችላል። ልዩነቱ የንግድ ወጪ ነው፤ የግል ንግድ ገቢና ወጪ በሚሞላበት የግብር ቅጽ፣ በሸድዩል ሲ፣ ላይ ተመዝግቦ ከገቢው ይቀነሳል። ለግብር ሠራተኛዎ ቅጹን ብቻ ይዘው ከሄዱ ላልደረሰዎ 6,000 ዶላር ግብር ይከፍላሉ፤ የአሥራ ሁለቱን ወራት መግለጫዎች አብረው ይውሰዱ።