ስልክ ቁጥራችሁን ልብሱ ላይ አሰፉለት

ልጄ ኦቲዝም አለበት። ስድስት ዓመቱ ነው፣ አይናገርም። ውሃ ካየማ አለቀ! ጣና ዳር ስንወጣ ለአፍታ ዞር ካልኩ ወደ ሐይቁ ነው የሚሮጠው።

የእጅ አምባር አስሬለት ነበር፤ አምስት ደቂቃ ሳይቆይ በጥርሱ በጠሰው። በእስክሪፕቶ የጻፍኩትም በሁለት እጥበት ጠፋ። በመጨረሻ ሰፈራችን ያለ ልብስ ሰፊ ጋ ሄድኩ። በቁራጭ ነጭ ጨርቅ ላይ «መናገር አልችልም፣ ለእናቴ ደውሉ» የሚል ጽሑፍና ሁለት ስልክ ቁጥር፣ የኔንና የአባቱን፣ በክር ጻፈልኝ። ከሸሚዙ ጀርባ፣ ወገቡ አካባቢ፣ በውጭ በኩል ነው የተሰፋው። በውስጥ ከሆነ አንደኛ ሰው አያየውም፣ ሁለተኛ ይቆረቁረውና ሸሚዙን አውልቆ ይጥለዋል። ስሙን ግን አላስጻፍኩም። የማያውቀው ሰው ሁሉ በስሙ እንዲጠራው አልፈልግም።

ከቤት ስንወጣ ደግሞ በለበሰው ልብስ ፎቶ አነሳዋለሁ። ሰው ሲደነግጥ የልጁ ሸሚዝ ቀለም እንኳ ይጠፋዋል፣ እመኑኝ።

ድንገት ከጠፋባችሁ መጀመሪያ ውሃው ዳር ፈልጉ፤ ጎረቤት ኋላ ይጠየቃል። ጥር 11 ለጥምቀት ስትወጡም እዚያ ላሉት ጀልባ ነጂዎች ፊቱን ቀድማችሁ አሳዩአቸው።