አይፈለጌ ኢሜይል ከየት እንደመጣ አግኝቶ ማስቆም

ደብረ ማርቆስ ላለ አንድ የጤፍ ነጋዴዎች ቢሮ የሐሰት ደረሰኝ ያዘለ ኢሜይል በየቀኑ ይጎርፍ ነበር። ቢሮው ለላኪው ኢንተርኔት አቅራቢ የሚልከው አቤቱታ ሰሚ ያጣው መልእክቱ ፎርዋርድ እየተደረገ ስለሚላክ ነው፤ ፎርዋርድ ሲደረግ ዋናው ሄደር (መልእክቱ ያለፈበትን መንገድ የሚመዘግበው ክፍል) ይቀራል፣ ማስረጃውም አብሮት።

መፍትሔው፦ ጂሜይልን በኮምፒውተር ከፍቶ፣ ከመልእክቱ በስተቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭኖ ኦሪጅናሉን ከነሄደሩ ማየት። የላኪው ስምና አድራሻ በቀላሉ ስለሚፈበረክ አይታመንም። «ሪሲቭድ» (Received) የሚሉትን የሄደሩን መስመሮች ከላይ ወደ ታች አንብቡ፤ መልእክቱን ያስተላለፈ እያንዳንዱ ሰርቨር (የኢሜይል ኮምፒውተር) የራሱን ከላይ ይጨምራል። የሚታመነው የራሳችሁ ኢሜይል አቅራቢ መልእክቱን ከውጭ ሲቀበል በቅንፍ የመዘገበው አይፒ (የላከው ኮምፒውተር የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር) ነው። ከዚያ በታች ያለውን አጭበርባሪው ራሱ ሊጽፈው ይችላል። ብዙ ሰው የመጨረሻውን መስመር ይዞ ንጹሕ ሰው ይከሳል፤ ይህ ያሳዝናል። በ«10.» ወይም በ«192.168.» የሚጀምር አይፒ የውስጥ ኔትወርክ ነውና ዝለሉት።

አይፒውን በሁኢዝ (Whois፣ አይፒ የማን እንደሆነ በሚያሳየው ፍለጋ) ፈልጉ፤ የአፍሪካው በአፍሪኒክ፣ የአውሮፓው በራይፕ መዝገብ ይገኛል። አቤቱታው የሚላከው እዚያ ለ«አቢዩዝ» (abuse፣ የጥፋት ጥቆማ) ወደተመዘገበው ኢሜይል ነው። ሄደሩን ሙሉውን በጽሑፍ ለጥፉ፤ ስክሪንሾት አይሠራም። ሰዓቱን ወደ እኛ አቆጣጠር አትቀይሩ። ጂሜይል -0700 ወይም -0800 ብሎ ከመዘገበ እንዳለ ይሂድ፤ የአይፒው ባለቤት የሆነው አቅራቢ ከሎጉ (ከሰርቨሩ የሥራ መዝገብ) ጋር የሚያመሳክረው በዚያ ነው። በዚህ መልክ ከተላከ በኋላ ከዚያ አይፒ የሚመጣው ቆሟል።