ተመራማሪን ለሽልማት ስትጠቁሙ

የምሠራው በአንድ የነርቭ ሳይንስ የምርምር ማዕከል ነው። ሳይንቲስት አይደለሁም፤ የሽልማት ጥቆማ ሰነድ አዘጋጃለሁ። እጄ የሚገቡት ረቂቆች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው፦ «በዘርፋቸው ግንባር ቀደም፣ በርካታ ጥናቶችን ያሳተሙ፣ ብዙ ተማሪዎችን ያፈሩ።» ስሙን ብትቀይሩት ለማንም ይሆናል። ዳኞቹ ደግሞ እንዲህ ያለውን ክምር ሙሉ ነው የሚያነቡት።

ስለዚህ እኔ ከአንድ ጥያቄ እጀምራለሁ። ከእኚህ ሰው ሥራ በፊት ስለ አንጎል ምን ይታመን ነበር? ከዚያ በኋላስ? መልሱን በሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካልቻልኩ ሌላውን አልነካም።

የትውስታ ተመራማሪዋን ብሬንዳ ሚልነርን እንውሰድ። ሄንሪ ሞሌይሰን የሚባል ሰው የሚጥል በሽታውን ለማስታገስ በ1953 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የአንጎል ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከሁለቱም ጎን ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍል በከፊል ወጣ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ገጠመኝ አእምሮው ውስጥ አልቀር አለ። ሚልነር እጁን በመስታወት ብቻ እያየ የኮከብ ቅርጽ እንዲከተል አደረጉት። በየቀኑ እየተሻሻለ ሄደ፤ ከዚያ በፊት መሞከሩን ግን ፈጽሞ አያስታውስም። ትውስታ አንድ ወጥ ነገር እንዳልሆነ በግልጽ ታየ። እንግዲህ የሚልነርን ጥቆማ የሚጽፍ ሰው «ድንቅ» የሚል ቃል ምን ያደርግለታል? ሙከራውን ከነገረን ይበቃል።

ችግሩ ተመራማሪዎች ስለ ራሳቸው አለማውራታቸው ነው። «ትልቁ ግኝትዎ ምንድን ነው?» ካላችኋቸው «የቡድን ሥራ ነው» ብለው ይገላገሏችኋል። እኔ ዘወር ብዬ ነው የምጠይቀው። ማን ተቃወመዎት? ምን ብሎ? ግሊያ የሚባሉትን የአንጎል ሴሎች የሚያጠኑ አንዲት ፕሮፌሰርን ይህን ስጠይቃቸው ሳቁ። የመጀመሪያው የገንዘብ ጥያቄያቸው «እነዚህ ሴሎች ነርቭን ከመደገፍ ያለፈ ሥራ የላቸውም» ተብሎ ተመልሶባቸው ነበር። ዛሬ እንደ ነርቭ ሳይንቲስቱ ቤን ባረስ ባሉ ሰዎች ሥራ ግሊያ ነርቮች የሚገናኙባቸው ሲናፕሶች እንዲፈጠሩ እንደሚያግዙ እናውቃለን። ያቺን የእምቢታ ደብዳቤ ሰነዱ መግቢያ ላይ አስገባኋት። የሥራውን ክብደት ከእሷ በላይ የሚናገር አልነበረም።

ቀጥሎ የእጩውን የድሮ ተማሪዎች ፈልጋችሁ ጠይቁ። ሌሎች ቤተ ሙከራዎች የእጩውን ዘዴ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ወይም ያዘጋጁትን የአይጥ ዝርያ ይጠቀማሉ? ይህ ከጽሑፍ ብዛት ይሻላል። የተመራማሪን ጽሑፎች ብዛትና ምን ያህል እንደተጠቀሱ አንድ ላይ የሚለካው ኤች ኢንዴክስ የሚባል ቁጥር በ2005 የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ካቀረቡት ወዲህ ሁሉም ቦታ ይጠቀሳል። ግን አንድን ሕመምተኛ ለዓመታት የሚከታተል ሰው እንዴት በየወሩ ያሳትም?

የስም ቅደም ተከተልንም ለዳኛው አስረዱ። በዘርፉ ልማድ ሙከራውን የሠራው መጀመሪያ ላይ፣ ቤተ ሙከራውን የሚመራው መጨረሻ ላይ ይሰፍራል። ስለ ሞሌይሰን በ1957 በወጣው ዝነኛ ጽሑፍ ላይ ግን የመጀመሪያው ስም የቀዶ ሐኪሙ የስኮቪል ነው፤ ሚልነር ሁለተኛ ናቸው። «የእጩዋ ድርሻ ይህ ነበር» ብሎ በግልጽ የሚጽፍ ከሌለ ዳኛው በግምት ይሄዳል።

የድጋፍ ደብዳቤ ላይ ሰው ይሰንፋል። ሦስት ወዳጆች ተመሳሳይ ውዳሴ ይልካሉ። ከመጠየቃችሁ በፊት ሥራ አከፋፍሉ፤ አንዱ ስለ ግኝቱ፣ አንዱ ስለ ዘዴው፣ አንዱ ስለ ተማሪዎቹ ይጻፍ። ከተቻለ አንዱ ተፎካካሪ ይሁን። የተፎካካሪ ምስጋና ዋጋው ሌላ ነው። እጩዋ ሴት ከሆኑ ደግሞ ደብዳቤውን ደግማችሁ አንብቡ። በ2003 የታተመ አንድ ጥናት ከ300 በላይ የሕክምና መምህራን ድጋፍ ደብዳቤዎችን አይቶ፣ ለሴቶች የተጻፉት አጠር ያሉና ጥርጣሬ የሚያጭሩ ሐረጎች የበዙባቸው ሆነው አግኝቷቸዋል። «ታታሪ ናቸው» ደስ ይላል፤ ግኝታቸውን ግን አይናገርም።

ሽልማቱን መምረጥ ቀላሉ ክፍል ነው። የካቭሊ ሽልማት በየሁለት ዓመቱ ይሰጣል፤ ራስን መጠቆም አይቻልም። የዴንማርኩ ሉንድቤክ ፋውንዴሽን የብሬይን ፕራይዝን ከ2011 ጀምሮ ይሰጣል። የራልፍ ጄራርድ ሽልማት የዕድሜ ልክ አስተዋፅኦን ያያል። ኖቤል በአንድ ዘርፍ ከሦስት ሰው በላይ አይሸልምም፤ በሕይወት የሌለንም አያጭም። ተሸላሚዎች የግድ መስማማት እንኳ የለባቸውም። በ1906 የነርቭ ሥርዓትን ያጠኑት ጎልጂና ካሃል ኖቤልን አብረው ሲሸለሙ፣ ጎልጂ በንግግራቸው የነርቭ ሥርዓት ከተለያዩ ነጠላ ሴሎች የተሠራ ነው የሚለውን የካሃልን ሐሳብ ነቅፈዋል!

ዕድሜ ሳይገፋ ቶሎ ጠቁሙ። ለእጩውም አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ድንገተኛ ደስታ እፈጥራለሁ ብሎ ሲቪ በድብቅ መሰብሰብ ጣጣ ነው።

ሽልማቱ የማይደርሳቸውም አሉ። ኤሌክትሮዱን የሚያስተካክለው ቴክኒሺያን፣ እንስሳቱን የሚንከባከበው ሠራተኛ፣ መረጃውን የሚያጠራው ባለሙያ። ብዙ መጽሔቶች ዛሬ እያንዳንዱ ሰው የሠራውን የሚገልጽ፣ 14 የሥራ ድርሻ ያለው «ክሬዲት» የሚባል ዝርዝር ይጠቀማሉ። ከጸሐፊዎቹ መካከል የሚያስቆጥር ሥራ ከሠራ ስሙን እዚያ አስገቡት። ካልሆነም ምስጋናው ላይ «ለቴክኒክ ድጋፍ» ብላችሁ አትለፉት፤ ስሙንና የሠራውን ጻፉ። ሥራ ሲቀይር ያንን ገጽ አትሞ ይዞት ይሄዳል።