መሠረት ከመጣሉ በፊት ለግቢው ውሃ መውጫ አብጁለት

ቤት የሚሠራ ሰው ስለ ብረቱና ስለ ሲሚንቶው አሥር ጊዜ ይጠይቃል። ስለ ውሃው የሚያስበው ግን ግድግዳው ሲረጥብና ቀለሙ ሲላጥ ነው። ያኔ ረፍዷል። ቁፋሮ ላይ እያላችሁ ከሆነ ነገሩ ቦይ፣ ጠጠርና ቱቦ ብቻ ነው፤ ወለል ካለቀ በኋላ ግን ማፍረስ ይመጣል።

መጀመሪያ መውጫውን ፈልጉ። ብዙ ሰው ከቤቱ ጀምሮ ወደ ውጭ ይቆፍርና መጨረሻ ላይ ውሃውን የሚለቅበት ያጣል። እናንተ ከመጨረሻው ጀምሩ። የግቢው ዝቅተኛ ቦታ የት ነው? በዓይን አትገምቱ፣ ዓይን ያታልላል። ውሃ የተሞላ ቀጭን ጎማ ይበቃል፤ በሁለቱ ጫፎች ያለው ውሃ እኩል ከፍታ ላይ ስለሚቆም ልዩነቱን በሜትር ትለካላችሁ። መሠረቱ 1 ሜትር ጥልቀት ካለውና በመሠረቱ ዙሪያ የሚቀበረው ቱቦ 20 ሜትር ሄዶ የሚወጣ ከሆነ፣ በየሜትሩ 1 ሳንቲሜትር እየወረደ ስለሚሄድ፣ መውጫው ቤቱ ካለበት መሬት 1.20 ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ያ ከሌለ ውሃውን ጉድጓድ ውስጥ አጠራቅሞ በፓምፕ ማውጣት ግድ ነው፣ ፓምፕ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ይቆማል። ጎረቤት ላይ መልቀቅ አማራጭ አይደለም። ከሽንት ቤት መስመር ጋርም አታገናኙት።

ቀጥሎ መሬቱን ጠይቁት። ከመሠረቱ ጥልቀት ግማሽ ሜትር የሚበልጥ የሙከራ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ አፉን ለደህንነት ክደኑና ለጥቂት ቀናት ተዉት። ውሃው የት ድረስ እንደመጣ ለኩ። ጥሩው ጊዜ የዝናቡ ወቅት ማብቂያ ነው፣ የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ የሚለው ያኔ ነውና። በበጋ ከቆፈራችሁ የጉድጓዱን ግድግዳ በደንብ እዩት። ግራጫ አፈር ላይ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ ካለ፣ ጉድጓዱ አሁን ደረቅ ቢሆንም በሌላ ጊዜ እዚያ ድረስ ውሃ ይተኛል ማለት ነው። ይህን ምልክት አትናቁት።

አሁን የላዩን ውሃ እንያዝ። እኔ ከቱቦው በፊት እዚህ ላይ ድርቅ እላለሁ፤ ምክንያቱም መሠረት የሚያረጥበው ውሃ ብዙ ጊዜ የጣሪያው ነው። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊሜትር ዝናብ ቢዘንብ 1,000 ሊትር ውሃ ነው። ያ ሁሉ ግድግዳ ሥር እንዳይፈስ አሸንዳ ይኑር፣ ከአሸንዳው የሚወርደውም ቀዳዳ በሌለው ቱቦ ተወስዶ ራቅ ይበል። በቤቱ ዙሪያ ያለው አፈር በመጀመሪያዎቹ 3 ሜትሮች ውስጥ 15 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ውጭ ይዘቅዝቅ። በሲሚንቶ ከተነጠፈ በሜትር 2 ሳንቲሜትር ይበቃል። ግቢው ተዳፋት ላይ ከሆነ ከቤቱ በላይ በኩል ቦይ ቅደዱና ጎርፉን በጎን አሳልፉት።

ከዚያ የመሠረቱ ዙሪያ ቱቦ ይመጣል። 40 ሳንቲሜትር ያህል ስፋት ያለው ቦይ ቆፍሩ፣ ግን መሠረቱ ካረፈበት በታች አጠገቡ አትውረዱ፤ የተሸከመውን አፈር ታላላላችሁ። የቦዩን ግርጌና ጎን ጂኦቴክስታይል በሚባለው ውሃ አሳላፊ ጨርቅ አልብሱት። ደለል ጠጠሩ ውስጥ ገብቶ እንዳይደፍነው የሚከለክለው ይኸው ጨርቅ ነው። 5 ሳንቲሜትር የታጠበ ጠጠር ነስንሱ፣ በላዩ 100 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው ባለ ቀዳዳ ቱቦ አስተኙ፣ በየሜትሩ 1 ሳንቲሜትር መውረዱን በውሃ ልክ እያያችሁ።

ቀዳዳዎቹ ወደ ታች ይዙሩ! ብዙ ሰው ውሃው ከላይ የሚወርድ እየመሰለው ወደ ላይ ያደርጋቸዋል። የከርሰ ምድር ውሃ ግን የሚሞላው ከታች ነው፤ ቀዳዳው ታች ከሆነ ገና ብዙ ሳይነሳ ይገባና ይሄዳል። ጠጠሩን ሙሉ፣ ጨርቁን ከላይ እጠፉ፣ የመጨረሻውን 20 ሳንቲሜትር የጎርፍ ውሃ በማያሳልፍ ሸክላ አፈር ዝጉት። ማዕዘኖቹ ላይ ቱቦውን ለማጠብ የሚያገለግል ክዳን ያለው መክፈቻ ተዉ። የጣሪያውን ውሃ እዚህ ቱቦ ውስጥ አታስገቡት፣ አለበለዚያ መሠረቱን በእጃችሁ አጠጣችሁት ማለት ነው።

አፈር ከመመለሳችሁ በፊት ከላይኛው ጫፍ ጥቂት ባልዲ ውሃ አፍስሱና መውጫው ላይ ጠብቁ። ቆይቶ ከመጣ ወይም ካልመጣ የሆነ ቦታ የቱቦው ወገብ ሰምጧል።

ወለሉ ሥር ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ጠጠር፣ በላዩ ወፍራም ላስቲክ አንጥፉ፣ እርጥበት በአፈር ውስጥ ሽቅብ ይሳባልና። ምድር ቤት ካሰባችሁና ውሃው ቅርብ ከሆነ ግን ይህ አይበቃም። 1 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ወለሉን ከታች በካሬ ሜትር 1 ቶን ያህል ይገፋዋል፤ ባዶ ሴፕቲክ ታንክ እንኳ እንደ ጀልባ ሊያነሳ ይችላል። እዚያ ላይ መሐንዲስ ያስላላችሁ።

ሳትቀብሩት ፎቶ አንሱት፣ ርቀቱንም ጻፉ። ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ወደ መውጫው ሂዱና እዩ፤ መሬቱ ርሶ ሳለ መውጫው ደረቅ ከሆነ ማዕዘኑ ላይ የተዋችሁትን መክፈቻ ከፍታችሁ ቱቦውን እጠቡት።