ቺፕ ሲመናመን ጠንካራ ጥንድ ቢደርሳችሁ፦ በፖከር ውድድር እንዴት ይጫወቱታል?

ፊታችሁ ያለው ቺፕ፣ ማለትም መደብ የምታስቀምጡበት መቁጠሪያ፣ ተመናምኖ ሳለ ሁለት ንግሥት ቢደርሳችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ካርታ በሚወጣበት ቤት ይህን ጥያቄ ብትጥሉ ክርክር ይነሳል። አንዱ «አድፍጥ፣ አታስነቃቸው» ይላል፤ ሌላው «እስቲ መጀመሪያ የሚገለጠውን ካርታ እንይ» ይላል። የእኔ መልስ አንድ ነው፦ ቺፓችሁን የጋራ ካርታዎቹ ሳይገለጡ አስገቡ፤ የምትፋጠጡትም ከአንድ ሰው ጋር ብቻ እንዲሆን ጣሩ። እንዴት እንደሚደረግ በቅደም ተከተል ላስረዳ።

የማወራው ቴክሳስ ሆልደም ስለሚባለው ጨዋታ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው በድብቅ ሁለት ካርታ ይታደላል፤ መሀል ላይ የሁሉም የሆኑ አምስት ካርታዎች ይገለጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በአንድ ላይ ሲወጡ ፍሎፕ ይባላሉ። ካርታ ሳይታይ በየተራ የሚቀመጡት ሁለት የግዴታ መደቦች ትንሹና ትልቁ ብላይንድ ናቸው፤ ውድድሩ በገፋ ቁጥር መጠናቸው ያድጋል። እኔ በምጫወትበት የደሴ ቤት ገንዘብ አይቀርብም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ስለምንቀመጥ ነገሩ ቁማር ከሆነ ብዙው ሰው ይነሳል፤ መነሳቱም ተገቢ ነው። ቺፓችን እህል ነው፦ አንዲት ሽምብራ 100፣ አንዲት ባቄላ 500።

መጀመሪያ ቁጠሩ። የቺፑ ብዛት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ ለትልቁ ብላይንድ አካፍሉት። ዘጠኝ ባቄላና ሦስት ሽምብራ 4,800 ነው፤ ትልቁ ብላይንድ 400 ከሆነ 12 ብላይንድ አላችሁ ማለት ነው። ከ25 በታች ሲሆን ቺፓችሁ አንሷል፤ ከ15 በታች ሲሆን ጊዜ የላችሁም። ቆጠራውን ካርታ ከመታደሉ በፊት ጨርሱ። ሁለቱን ካርታዎች ቀና አድርጎ ካየ በኋላ ድንገት ባቄላውን መደርደርና መቁጠር የጀመረ ሰው ምን እንደያዘ ለጠረጴዛው ሁሉ ተናግሯል።

ቀጥሎ የትኛውን ጥንድ ጠንካራ እንደምትሉ አስቀድማችሁ ወስኑ። ጥንድ አስ፣ ጥንድ ንጉሥ ወይም ጥንድ ንግሥት የሚደርሳችሁ በአማካይ በ74 እደላ አንድ ጊዜ ነው። ዘጠኝ ሰው በተቀመጠበት ጠረጴዛ ይህ ከስምንት ዙር ይበልጣል። በየዙሩ ሁለቱ ብላይንዶችና አንቴ የሚባለው ተጨማሪ የግዴታ መደብ ተደማምረው ሁለት ተኩል ብላይንድ ያህል ይወስዱባችኋል። እንግዲህ 12 ብላይንድ ይዞ አስ የሚጠብቅ ሰው አስ ሳይመጣለት ቺፑ ያልቃል። በዚህ ደረጃ ጥንድ ጃክና ጥንድ 10፣ ጥንድ 9 ሳይቀር፣ ጠንካራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። 4,800 ይዛችኋል፤ ብላይንዱ 200 እና 400፣ አንቴው 400 ነው። ከእናንተ በፊት ያሉት ሁሉ ካርታቸውን ጥለዋል፤ በእጃችሁ ጥንድ ንግሥት አለ። «ሁሉንም» በሉና ግፉት። ሁሉም ቢሸሹ መሀል ያለው 1,000 የእናንተ ነው። አንድም ካርታ ሳይገለጥ ቺፓችሁ ከአምስት አንድ እጅ በላይ አደገ ማለት ነው። ሰው ቢከተላችሁ ደግሞ ከእናንተ ያነሰ ጥንድ ከያዘ ከአምስት አራቱን ያህል ታሸንፋላችሁ፤ አስና ንጉሥ ቢይዝ እንኳ ዕድላችሁ ከ54 እስከ 57 በመቶ ነው። በግልጽ የሚበልጧችሁ ጥንድ ንጉሥና ጥንድ አስ ብቻ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይመጡም።

ከዚህ ይልቅ 400 ብቻ ከፍላችሁ አድፍጣችሁ ብትገቡስ? ሁለት ሦስት ሰው በርካሽ ይከተላችኋል። ፍሎፑ ላይ አስ ወይም ንጉሥ የመውጣቱ ዕድል 41 በመቶ ነው። ሲወጣም የቀረችው ባቄላ ፊታችሁ ተደርድራ፣ ትቅደሙ ወይም ትቀደሙ ሳታውቁ ትቀመጣላችሁ። ጥንድ አስ እንኳ ምን እንደያዘ ከማይታወቅ አንድ ተጋጣሚ ጋር 85 በመቶ ያሸንፋል፤ ከአምስት ጋር ሲሆን ግን ወደ 49 በመቶ ይወርዳል። ጠንካራ ጥንድ እንደ እርሻ ሥራ በደቦ አያምርም።

ከ15 እስከ 25 ብላይንድ ሲኖራችሁ አካሄዱ ትንሽ ይለወጣል። በአንድ ጊዜ ሁሉንም ከገፋችሁ ሊከተላችሁ የነበረውንም ደካማ ካርታ ታባርራላችሁ። ስለዚህ መደቡን ሁለት ወይም ሁለት ከሩብ ብላይንድ አድርሱት፤ በሌላ ካርታ ስታሳድጉ ከምታስቀምጡት ጋር ግን አንድ ይሁን። 8,000 ይዛችሁ መደቡን 900 አደረሳችሁ እንበል፤ ከብላይንዶቹ ውጭ ያለ አንድ ሰው መልሶ 8,000 ገፋባችሁ። ብላይንዶቹና አንቴው ሲደመሩ መሀል 9,900 አለ፤ ለመከተል 7,100 ትጨምራላችሁ። ይህ የሚያዋጣችሁ ከመቶ 42 ጊዜ ያህል ካሸነፋችሁ ነው፤ ጥንድ ንግሥት ከአስና ንጉሥ ጋር እንኳ ከዚያ በላይ ያሸንፋል። ተከተሉ። በአንድ ምሽት ጠረጴዛችን ላይ አንድ ወጣት ጥንድ ጃክ ይዞ ካሳደገ በኋላ ሲገፉበት ጣለው። አጠገቡ የነበሩት ሽማግሌ ጨዋታው ካለቀ በኋላ «ልጄ፣ ለመጣል ከሆነ መጀመሪያውኑ ለምን አሳደግክ?» አሉት። «ፈራሁ፣ ጋሼ» አለ። «አብሽር፤ ፍርሃትህን ከማሳደግህ በፊት ጨርሰው።» ከዚህ የተሻለ ምክር አላውቅም።

ከእናንተ በፊት ሌላ ሰው ካሳደገስ? ከ25 ብላይንድ በታች ሆናችሁ ጃክና ከዚያ በላይ ከያዛችሁ ሁሉንም መልሳችሁ ግፉ። 9 ወይም 10 ከሆነ ያሳደገውን ሰው ተመልከቱ፤ ሁልጊዜ የሚያሳድግ ከሆነ ግፉበት፣ ከስንት አንዴ የሚነሳ ቁጥብ ሰው ከሆነ ጣሉ። አንዱ ሁሉንም ገፍቶ ሌላው ከተከተለው ደግሞ ከንግሥት በታች ያለውን ተዉት።

አሳድጋችሁ አንድ ሰው ቢከተላችሁና ፍሎፑ ቢገለጥ፣ መሀል ካለው አንድ ሦስተኛ ያህል አስቀምጡ፤ በቀጣዩ ካርታ ቀሪውን ጨርሱት። በጥንድ ጃክ ላይ የሚበልጥ ካርታ የመውጣቱ ዕድል 57 በመቶ ስለሆነ ንጉሥ ባያችሁ ቁጥር አትደንግጡ፤ ተጋጣሚያችሁ ብዙውን ጊዜ እሱን አልያዘም።

ሁሉን ነገር በትክክል አድርጋችሁም ትሸነፋላችሁ። በእያንዳንዱ ግጥሚያ 80 በመቶ ብልጫ ያለው ሰው ሦስቱን በተከታታይ የማሸነፍ ዕድሉ 51 በመቶ ብቻ ነው። የምትለኩት ቺፑ በገባበት ቅጽበት በነበረው ብልጫ ነው። ጥቂት ቺፕ ይዞ ተስፋ መቁረጥም አይገባም። ጃክ ስትራውስ የተባለው አሜሪካዊ በ1982 እ.ኤ.አ. የዓለም የፖከር ሻምፒዮናን ሲያሸንፍ በአንድ ወቅት አንዲት ቺፕ ብቻ ቀርታው እንደነበር እስከ ዛሬ ይነገራል።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። አንዳንድ ውድድር ለተወሰኑ ሰዎች እኩል ሽልማት ይሰጣል፤ ለምሳሌ የመጨረሻዎቹ አምስት ሰዎች ሁሉ ለትልቁ ውድድር መግቢያ ያገኛሉ። ስድስት ሰው ቀርቶ ከእናንተ ያነሰ ቺፕ ያለው ሰው ሊወጣ ከተቃረበ ጥንድ ንግሥትንም መጣል፣ አልፎ አልፎ ጥንድ አስንም ቢሆን፣ ትክክል ሊሆን ይችላል። ሽልማቱ እየተበላለጠ በሚወርድበት ተራ ውድድር ግን ይህን ምክንያት አድርጋችሁ አትሽሹ።

ልምምዱን በቤታችሁ ማድረግ ትችላላችሁ። ሁለት ንግሥት በአንድ በኩል፣ አስና ንጉሥ በሌላ በኩል ገልጣችሁ አስቀምጡ፤ የቀረውን ካርታ እየበወዛችሁ አምስት አምስት ግለጡና አሸናፊውን ጻፉ። ውጤቱ መጀመሪያ ላይ ይዋዥቃል፤ መቶ ጊዜ ሲደርስ ወደ ግማሽና ከዚያ ትንሽ በላይ ይጠጋል። በውድድሩ ላይ ደግሞ አንዴ ገፍታችሁ ቺፓችሁ ከታጠፈ ወዲያው እንደገና ለትልቁ ብላይንድ አካፍሉት። 12 የነበረው ወደ 25 ከደረሰ የመግፋቱ ሕግ አብቅቷል፤ ቀጣዩን ጥንድ ንግሥት በማሳደግ ትጀምራላችሁ።